«ሲሊ»፦ ብፁዕ የነበረው ቃል እንዴት ሞኝ ሆነ?

«ሲሊ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል በትምህርት ቤት ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ፍቺው «ሞኝ፣ ቂል» እንደ ሆነም ሁላችን እናውቃለን። የቃሉን አመጣጥ ስንመረምር ግን ከቂልነት ፈጽሞ የራቀ ሆኖ አገኘነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 11ኛው መቶ ዘመን በተነገረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ «ሴሊግ» ነበር፤ ትርጉሙም ደስተኛ፣ ዕድለኛ፣ የተባረከ ማለት ነው። የጀርመንኛው ዘመዱ «ዜሊሽ» እስከ ዛሬ «ብፁዕ» ማለት ነው። በጀርመንኛው መጽሐፍ ቅዱስም በተራራው ስብከት ላይ «ብፁዓን» የተባሉት የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው።

ታዲያ ይህ የከበረ ቃል እንዴት ወረደ? በአንድ ቀን አይደለም፤ በደረጃ ነው። የተባረከ ሰው ክፋት አያውቅምና ቃሉ «ንጹሕ፣ የማይጎዳ» ለማለት ዋለ። ክፋት የማያውቅ በክፉዎች ይጠቃልና ወደ «ምስኪን፣ አቅመ ቢስ» ዞረ፤ ራሳቸውን መከላከል የማይችሉ በጎችም በዚህ ቅጽል ይጠሩ ነበር። በመጨረሻም በ16ኛው መቶ ዘመን «ማስተዋል የጎደለው፣ ሞኝ» የሚለው ፍቺ ጸና።

በእንግሊዞች ከመፍረዳችን በፊት ወደ ራሳችን እንመልከት። እኛም ከግዕዝ የወረስነው «የዋህ» የሚል ቃል አለን፤ ገር፣ ቅን፣ ተንኮል የሌለበት ማለት ነው። ባለፈው የፈተና ሰሞን አንድ ጓደኛችን ደብተሩን ለለመነው ሁሉ ሲያውስ ራሱ ሳያጠና ቀረ። እኛም «እሱማ የዋህ ነው!» ብለን ተሳሳቅንበት። ከሳቅነው መካከል ደብተሩን የወሰድን ነበርን! በዚያች ሰዓት «የዋህ» ያልነው «ሞኝ» ለማለት እንደ ነበር የገባን የ«ሲሊ»ን ታሪክ ካነበብን በኋላ ነው። ሄደንም ይቅርታ ጠየቅነው፤ እርሱ ግን ፈገግ ብሎ «አለፋችሁ ወይ?» አለን።

እንግዲህ ቃልን ከክብሩ የሚያወርደው መዝገበ ቃላት አይደለም፤ ደግነትን እንደ ድካም የሚቆጥር የሰው አፍ ነው። ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ከእንግዲህ አንዱን ሰው «የዋህ» ስንል እያመሰገንነው ነው ወይስ እያፌዝንበት? እያንዳንዳችን ራሳችንን እንጠይቅ።