ስክሪን ቢጨልም ላፕቶፕ ሞተ አይባልም

ለመመረቂያ ጽሑፋችን መረጃ ልንሰበስብ ወደ ሰቆጣና ወደ ዋግ ኽምራ ደጋ ስንወጣ ላፕቶፓችን ቢጨልምብን፣ የደከምንበት ሁሉ የጠፋ ይመስለናል። ነገር ግን ስክሪን ያሳያል እንጂ አያስቀምጥም፤ የተቀመጠው ጽሑፍ ያለው በዲስኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቸኩለን አናጥፋው። ስንጽፍ ሳለ ከጨለመ «ኮንትሮል»ንና «ኤስ»ን አብረን እንጫን፤ ጽሑፉ አስቀድሞ ስም የተሰጠው ከሆነ በጨለማም ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ የስክሪኑን ብርሃን በቁልፉ ከፍ እናድርግ። ካልረዳ በእጅ ባትሪ ከጎን እናብራበት፤ ምስሉ ደብዝዞ ከታየ የተበላሸው የኋላ መብራቱ ነው። ክዳኑ ሲነካ ምስሉ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን በማጠፊያው የሚያልፈውን ኬብል እንጠርጥር፤ የተራራው መንገድ ሲያንገላታው ሊላላ ይችላልና።

ዋናው ፈተና በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘት ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና «ፒ»ን ተጭነን ምስሉ በቴሌቪዥኑ ጥርት ብሎ ከመጣ፣ ጉድለቱ በስክሪኑ ወይም በኬብሉ በኩል ነው፤ ወዲያው ጽሑፋችንን ወደ ፍላሽ እንገልብጥ። በዚያም ካልታየ ብቻ ቻርጀሩን ነቅለን፣ የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሴኮንድ ያህል ተጭነን እንደገና እናስነሣው።

ይህን ለይቶ የሚሄድ ተማሪ ለኬብል ጉድለት የስክሪን ዋጋ አይከፍልም።