ልዑል እስክንድር ደስታ፤ የባሕር ሙያ የተማሩ መስፍን

ልጆች ሆይ፥ በቁሐር ሚካኤልና በወረታ አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ የጣናን ውሃ ታውቃላችሁ። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ የፎገራ ሜዳ ራሱ ባሕር ይመስላል። በጣና ላይ የሚሄደው ታንኳ ከደንገል የተሠራ ነው። ታንኳ ሠሪው ደንገሉን እንዴት እንደሚያስር፥ ቀዛፊውም ነፋስ በተነሣ ጊዜ ፊቱን ወዴት እንደሚያዞር ከልጅነቱ ጀምሮ አይቶ ተምሯል። ታንኳው ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ከሐይቁ አውጥቶ በፀሐይ ያደርቀዋል። ይህን ያልተማረ ሰው የታንኳ ሠሪ ልጅ ቢሆንም ይሰጥማል፤ ውሃ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አይጠይቅምና።

ዛሬ የምናነበው ከታላላቆች ቤት ተወልደው የባሕርን ሙያ ስለ ተማሩ ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ነው። ስማቸው ልዑል እስክንድር ደስታ ይባላል።

ልዑል እስክንድር በ1926 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። የአባታቸው አባት ፊታውራሪ ዳምጠው ከተማ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ስለ አገራቸው ሞተዋል። አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው የሲዳሞ ገዥ ነበሩ። እናታቸው ልዕልት ተናኘ ወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው። አምኃ የሚባል ወንድም፥ ዐይዳ፥ ሰብለ፥ ሶፊያና ሂሩት የሚባሉ አራት እኅቶችም ነበሯቸው። እንግዲህ በስምና በዘር በኩል ልዑል እስክንድር የጐደላቸው ነገር አልነበረም።

ነገር ግን ታላቅ ስም መከራን አይከለክልም። ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጣልያን ኢትዮጵያን ወረረ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱና ቤተ ሰባቸው ተሰደዱ። ራስ ደስታ ግን በደቡብ በኩል ያለውን ጦር እየመሩ በአገራቸው ቀሩ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች በኋላም ብዙ ወራት ተዋጉ። በመጨረሻ በጉራጌ አገር ተያዙ፤ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. በጥይት ተገደሉ። ያን ጊዜ ልጃቸው የሁለት ዓመት ተኩል ሕፃን ነበሩ። በዚህ ዕድሜ ያለ ሕፃን የአባቱን መልክ እንኳ በልቡ ይዞ ሊቀር አይችልም። ስለዚህ ልዑል እስክንድር ከአባታቸው የወረሱት ስምን ነው፤ ሙያን ግን ራሳቸው መፈለግ ነበረባቸው።

ስደተኞቹ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። ልዑል እስክንድር በዚያው አገር ዌሊንግተን ኮሌጅ በሚባል ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያም በዳርትማውዝ ወደሚገኘው የባሕር ኃይል መኰንኖች ትምህርት ቤት ገቡ። እኅታቸው ልዕልት ዐይዳም በታወቀው በካምብሪጅ ተምረዋል። በዚያ ቤት ውስጥ ወንዱም ሴቱም «የንጉሥ ልጅ ልጅ ነኝና ይበቃኛል» ብሎ አልተቀመጠም።

በእንግሊዝ አገር የባሕር ሥራ የቆየ ልማድ አለው። በቀድሞ ዘመን የእንግሊዝና የአይርላንድ መኳንንት ታናናሽ ልጆቻቸውን በዐሥራ ሁለትና በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ወደ ጦር መርከብ ይሰዱ ነበር። በመርከብ ላይም ከባድ ሥራና ብርድ ይጠብቃቸው ነበር። በመጀመሪያ ብዙዎቹ ምንም ሳያውቁ በዘመድ ብርታት ብቻ ይሾሙ ነበር። በማያውቅ አዛዥ ምክንያት መርከብ ከዐለት ጋር ሲጋጭ ግን የሚሰጥመው አዛዡ ብቻ አይደለም። ስለዚህ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1677 ሕግ ወጣ። ሕጉም ማንም ሰው የመኰንንነት ማዕረግ ከማግኘቱ በፊት በባሕር ላይ እንዲያገለግልና በፈተና እንዲያልፍ የሚያዝዝ ነበረ። ከዚያ በኋላ በ18ኛው መቶ ዓመት ከነዚህ የመኳንንት ልጆች አንዳንዶቹ የታወቁ የመርከብ አዛዦች ሆኑ። ዘመድ አሁንም ይረዳ ነበር፤ ዳሩ ግን በዘመድ ብቻ መሾም ቀረ።

የባሕር መኰንን የሚማረው ብዙ ነው። በቀን ፀሐይን፥ በሌሊት ከዋክብትን ለክቶ መርከቡ ያለበትን ስፍራ ያገኛል። የባሕሩን ካርታ ያነባል፤ ጥልቁንና ዐለቱን ይለያል። የገመድ አያያዝ፥ የነፋስና የማዕበል ጠባይ፥ የሒሳብ ትምህርትም ያስፈልገዋል። ከሁሉም በላይ ማዘዝ ከመጀመሩ በፊት መታዘዝን ይማራል።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደች ጊዜ አገራችን በቀይ ባሕር ዳር ወደብ አገኘች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። የመርከቦቹ ማረፊያ ምጽዋ፥ የመኰንኖቹ ትምህርት ቤት አስመራ ሆነ። የኖርዌይ መኰንኖችም በማስተማር ረዱ። በ1954 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» የተባለች ትልቅ መርከብ ከአሜሪካ መጣች፤ ርዝመቷ ከ90 ሜትር በላይ ነበረ። ልዑል እስክንድር በዚህ ባሕር ኃይል ምክትል አዛዥ ሆኑ፤ ሪር አድሚራል የሚባለውንም ከፍተኛ የባሕር ማዕረግ አገኙ። በተራራማ አገር የተወለዱ ሰው የመርከብ መኰንን መሆናቸው በዚያ ዘመን አዲስ ነገር ነበረ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ግን ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም።

አሁን ወደሚያሳዝነው ታሪክ ደረስን። በ1966 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ታላቅ ሁከት ተነሣ። በወሎ በረኃብ ብዙ ሕዝብ አልቆ ነበር፤ ገበሬው ስለ መሬት፥ ወታደሩ ስለ ደመወዝ፥ ተማሪው ስለ ፍትሕ ይጮኽ ነበር። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ ደርግ የሚባለው የወታደሮች ጉባኤ አገሩን ያዘ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ወደ 60 የሚሆኑ ሚኒስትሮችን፥ መኳንንትንና የጦር መኰንኖችን ገደለ። ልዑል እስክንድር ከነርሱ አንዱ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው 40 ዓመት ነበረ። ለፍርድ አልቀረቡም፤ ምስክር አልተሰማባቸውም፤ መልስ ይሰጡ ዘንድም ጊዜ አልተሰጣቸውም። እናታቸው ልዕልት ተናኘ ወርቅና እኅቶቻቸው ታሰሩ፤ ዐሥራ አራት ዓመት ያህልም በእስር ቈዩ። ልዕልቲቱ ባላቸውን በጠላት ጥይት፥ ልጃቸውን በወገን ጥይት አጡ። በ1995 ዓ.ም. ዐረፉ። የልጃቸው ዐፅም ከሌሎቹ ጋር በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐርፏል።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

መጀመሪያ፥ ስም ይወረሳል፤ ሙያ ግን አይወረስም። የመስፍንም ልጅ የገበሬም ልጅ ፊደልን የሚጀምረው ከሀ ነው። አባቱ ሀብታም የሆነ ልጅ ትምህርቱን ቢንቅ፥ ድኻው ተምሮ ይቀድመዋል።

ሁለተኛ፥ ሰውን የሚጠብቀው ትልቅ ስም አይደለም፤ ሕግ ነው። በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ቢል ሌላው የዘረጋውን እጁን ይመልሳል። መንገደኛ እንኳ እንዲህ ሲባል ሰምቶ ይቆማል፤ ነገሩም ወደ ዳኛ ይሄዳል። ይህ ልማድ ጠመንጃ ላልያዘ ሁሉ ጋሻ ነው። ከመኳንንቱ ሕዝብን የበደለ ቢኖር በአደባባይ ተጠይቆ፥ ምስክር ተቈጥሮበት በተፈረደበት ነበር። የተበደለውም ሕዝብ እውነቱን በሰማ ነበር። ሳይጠየቁ የተገደሉ ሰዎች ግን በደላቸውም ንጽሕናቸውም አብሮ ይቀበራል። በዚያች ሌሊት ሕግ ለታላላቆቹ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ሕግ ለድኻው ልጅም ቀርቶ ብዙ ሺህ ወጣቶች እንዲሁ አለቁ። ለአንዱ የተሰበረ አጥር ለሁሉም የተሰበረ ነው።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ወይም በመስክ ጓደኛህ በደለ ሲሉህ አስቀድመህ «እርሱስ ምን አለ?» ብለህ ጠይቅ። የምትጠላውን እንኳ ሳትሰማ አትፍረድበት።

ጥያቄ፤
1. ውሃ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ አይጠይቅም ማለት ምን ማለት ነው?
2. ራስ ደስታ ዳምጠው መቼና እንዴት ሞቱ?
3. በ1677 በእንግሊዝ አገር የወጣው ሕግ ምን ያዝዝ ነበር? ስለ ምን አስፈለገ?
4. «በሕግ አምላክ» የሚለው ቃል ደካማውን የሚጠብቀው እንዴት ነው?