የድሮ የጎልፍ ዕቃ ለመሰብሰብ ከምን ልጀምር?

ጥያቄ፦ የድሮ የጎልፍ ዕቃዎችን መሰብሰብ አምሮኛል፤ አቅሜ ግን ውስን ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ዘንጋቸው ከሂከሪ እንጨት፣ ራሳቸው ከብረት በተሠሩ ዱላዎች ይጀምሩ። ያኔ የጎልፍን ሕግ ያወጣ የነበረው፣ በስኮትላንድ የሚገኘው የሴንት አንድሩሱ ሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ የብረት ዘንግ የፈቀደው በ1929 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የሂከሪ ዘንግ ያላቸው ዱላዎች በብዛት ተሠርተዋል፤ ዛሬም በመጠነኛ ዋጋ ይገኛሉ። የዱላውን ራስ ገልብጠው ጀርባውን ይዩ። ትንሽ የፒፓ ምስል ካለበት የሴንት አንድሩሱ አንጥረኛ የቶም ስቱዋርት ምልክት ነው፤ ታላቁ የጎልፍ ተጫዋች ቦቢ ጆንስም በእሱ ዱላዎች ተጫውቷል። አደራ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፍቁት! ምልክቱ አብሮ ይጠፋል፤ ዋጋውም ይወድቃል። ዘይት በነካ ጨርቅ ማሸት ይበቃል። በላባ የተሞላውን የቆዳ ኳስ ለጊዜው ይተዉት፤ ከ1848 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉታ ፐርቻ ከተባለ የዛፍ ሙጫ በተሠራ ኳስ ስለተተካ የቀረው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም።