ከበሮውን ዝግ አድርጉት

7ኛ ክፍል ሳለሁ የሙዚቃ ክበባችን ከበሮ መቺ ነበርኩ። የውድድሩ ቀን ዳኞቹ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ከፊት ተደርድረው ሳይ ልቤ ከከበሮው ቀድሞ መምታት ጀመረ። እጄም ልቤን ተከተለ። ዘፋኟ የመጨረሻውን አዝማች ሳትጨርስ እኔ ዘፈኑን ጨርሼ ቆምኩ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ዛሬ እኔም እስቃለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ከበሮው ሥር ብደበቅ ደስ ባለኝ።

በወልቂጤና በቡታጅራ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆችን ለሙዚቃ ውድድር የምታዘጋጁ መምህራን፣ ስለዚህ ነው ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር የምለምናችሁ። ከበሮውን ዝግ አድርጉት!

የጉራጊኛ ዘፈን ፈጣን ነው። ጭብጨባው ያጣድፋል፣ እግርም መሬት ላይ አይቆይም። የመድረክ ፍርሃት ሲጨመርበት ልጆቹ ራሳቸው የማይደርሱበት ፍጥነት ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ዘፈኑን በግማሽ ፍጥነት ብቻ አስጠኗቸው። ምት የሚቆጥር ሜትሮኖም ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። ልጆቹ ይሰለቻሉ፤ ይሰልቹ። በጥድፊያው ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ጉድ ሁሉ ያኔ ይወጣል። ክራሩ ከዋሽንቱ ጋር እንዳልተስማማ፣ ኪቦርዱ አንድ ድምፅ እንደሚዘል፣ አጨብጫቢዎቹም ሳያውቁት ለሁለት እንደተከፈሉ ይሰማችኋል። ዘፈኑ በዝግታ ሳይሰበር ከተሄደ ፍጥነቱን ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። በስልካችሁ ቅረጹና መልሳችሁ አሰሟቸው። የራሱን ጥፋት በጆሮው የሰማ ልጅ የእናንተን ቁጣ አይፈልግም።

ሁለተኛው ልመናዬ ከክፍል ውጡ የሚል ነው። የክፍል ግድግዳ ድምፅን እየመለሰ ልጆቹን ያታልላቸዋል፤ ያላቸውን ሁሉ አሳምሮ ያሰማቸዋል። ጉራጌ ግን ጀፎሮ አለው። ሰርግም፣ ለቅሶም፣ ጨዋታም የሚያስተናግደው ያ ሰፊ የመንደር መስክ ለሙዚቃ ልምምድ የተሠራ ይመስለኛል። ልጆቹን እዚያ አራርቃችሁ አቁሟቸው። ድምፁ ሜዳው ላይ ስለሚበተን አንዱ ሌላውን ካላዳመጠ ዘፈኑ ይፈርሳል፤ ማዳመጥን እዚያው ይማራሉ። አላፊ አግዳሚውም ቆም ብሎ ያያቸዋል፤ በሰው ፊት መቆምን ያለ ክፍያ ተለማመዱ ማለት ነው። ከተማ መሀል ጀፎሮ ካጣችሁ የኳስ ሜዳውም ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ኪቦርዱ ዝም እንደሚልም አትርሱ። ዘፈኑን ሳምንት ውስጥ አንድ ቀን በክራር፣ በከበሮና በጭብጨባ ብቻ ያውጡት። ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዳንዴ ያለ ኪቦርዱ ያምራል።

ስለ ዳኞች ልጆቹ የሚያውቁት ከቴሌቪዥን ነው። ፋና ላምሮትንና ባላገሩ ምርጥን አይተው፣ ዳኛ ማለት በሰው ፊት የሚፈርድ ብቻ ይመስላቸዋል። ከውድድሩ በፊት የሒሳብ መምህሩን፣ የግቢ ጥበቃውን፣ የአንዷን ልጅ እናት ዳኛ አድርጋችሁ አስቀምጧቸው። እያንዳንዳቸው አንድ የወደዱትን፣ አንድ ሊስተካከል የሚገባውን ይናገሩ። ልጆቹም ሰምተው «እናመሰግናለን» ማለትን ይልመዱ። ጥበቃው የሚሉት ብዙ ጊዜ ከባለሙያው ይጠቅማል፤ ቃሉ ተሰማ ወይስ አልተሰማ፣ ዘፈኑ ያስጨፍራል ወይስ አያስጨፍርም የሚለውን ከእሳቸው በላይ ማን ይፈርዳል?

ተተኪ ዘፋኝም አዘጋጁ፤ ይህን ስላችሁ ድምፃዊውን ማህሙድ አህመድን አስታውሱ። ከጉራጌ ቤተሰብ አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ሊስትሮ ሠርቷል። በ1950ዎቹ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች በሚያዘወትሩት አሪዞና ክለብ በተላላኪነት ተቀጥሮ ሳለ፣ አንድ ምሽት ዘፋኙ ቀረ። ማህሙድ «እኔ ልዝፈን» አለ። ብዙም ሳይቆይ የክብር ዘበኛ ባንድ ዘፋኝ ሆነ፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቢቢሲ የዓለም ሙዚቃ ሽልማትን ተቀበለ። ያን ምሽት ዘፈኖቹን ባያውቅ ኖሮ የዘፋኙ መቅረት ምን ይጠቅመው ነበር? በእናንተም ቡድን ከኋላ የምታጨበጭበው ዝምተኛ ልጅ የዘፋኟን ድርሻ ትወቀው። በውድድሩ ጠዋት አንድ ሰው መታመሙ አይቀርም።

«ልጆች ናቸው፣ ምን ይሆናል» የሚል ቢመጣባችሁ ስለ አርባ ልጆች ንገሩት። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርመናውያን ወላጅ አልባዎች ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ የነሐስ ባንድ ሆነው የተጫወቱት እነሱ ናቸው። አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል የተሰማውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ለወላጆችና ለከተማው ነጋዴዎችም ቃል አለኝ። የጉራጌ ሕዝብ በ1950ዎቹ ገንዘቡን አዋጥቶ መንገድ ያሠራ ነው፤ ለልጆቹ የክራር ክር መግዛት አያቅተውም። ብቻ ለመጨረሻዋ ቀን አታቆዩት። አዲስ ክር ይረግባል፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይታሰር።