መድኃኒትን በትንፋሽ ወደ ሳንባ፦ መጠን የሚወስነው ጉዞ

ለሳንባ በሽታ የታሰበ መድኃኒት በደም ሥር ሲሰጥ መላውን አካል ያዳርሳል። ለምሳሌ አሚካሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ በዚህ መንገድ ሲሰጥ የመስማት ችሎታንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። መድኃኒቱ በትንፋሽ በቀጥታ ወደ ሳንባ ቢላክስ? ጥያቄው የሕክምና ቢመስልም የመልሱ ገሚስ የፊዚክስ ነው።

ወደ ውስጥ የምንስበው አየር ደጋግመው በሚከፋፈሉ ቱቦዎች ያልፋል። ከ10 ማይክሮሜትር የሚበልጥ ጠብታ በኢነርሺያው ምክንያት ከአየሩ ጋር መታጠፍ ስለሚሳነው አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከ1 እስከ 5 ማይክሮሜትር የሆነው ግን ወደ ሳንባ ዘልቆ በስበት ኃይል ቀስ ብሎ ያርፋል። በስቶክስ ሕግ መሠረት የመውረጃ ፍጥነት ከዲያሜትር ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ባለ 3 ማይክሮሜትር የውሃ ጠብታ በሰከንድ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ይወርዳል፤ የአንድ የአየር ከረጢት ስፋት ደግሞ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ከሊፒድ፣ ማለትም ከስብ ነክ ሞለኪውሎች፣ የሚሠሩ ናኖ ቅንጣቶች ዲያሜትር ብዙውን ጊዜ ወደ 100 ናኖሜትር ይጠጋል። ጭነታቸውን ከኢንዛይሞች ይከላከላሉ፤ ወደ ሕዋስ እንዲገባም ይረዳሉ። ነገር ግን ለብቻቸው በአየር ቢንሳፈፉ በሰከንድ 1 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ስለሚወርዱ ብዙዎቹ ከትንፋሽ ጋር ተመልሰው ይወጣሉ። ስለሆነም ቅንጣቶቹ በውሃ ውስጥ ተበትነው ኔቡላይዘር በተባለ መሣሪያ ወደ ጉም ይለወጣሉ። ቅንጣቱ መድኃኒቱን ይሸከማል፤ ጠብታው ደግሞ ቅንጣቱን።

ይሁን እንጂ ፈሳሹን ወደ ጠብታ የሚበትነው ኃይል ቅንጣቱንም ሊያፈርስ ይችላል። ሳንባም ዝልግልግ የአክታ ሽፋንና ባዕድ ነገርን የሚውጡ ማክሮፌጅ የተባሉ ሕዋሳት አሉት።

እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሊፖሶም፣ ማለትም ውስጡ ውሃ በቋጠረ የሊፒድ ከረጢት፣ ተጭኖ በትንፋሽ የሚወሰድ አሚካሲንን ፈቀደ። ፈቃዱ ማይኮባክቴሪየም አቪየም ኮምፕሌክስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ሳንባቸውን ላጠቁባቸውና የሕክምና አማራጭ ለጠበበባቸው አዋቂዎች ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚደበቁት በማክሮፌጆች ውስጥ ስለሆነ፣ ሊፖሶሙን የሚውጠው ሕዋስ መድኃኒቱን ከባክቴሪያው ዘንድ ያደርሰዋል፤ እንቅፋት የነበረው መንገድ ሆነ። በአንጻሩ፣ መልእክተኛ አር ኤን ኤን በሊፒድ ናኖ ቅንጣት ጭኖ ለሲስቲክ ፋይብሮሲስ ታካሚዎች በትንፋሽ የሰጠ አንድ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ባደረገው ውጤት የሳንባ አቅም መሻሻልን አላሳየም። ከዚህ የምንረዳው ሳንባ መድረስና ሕዋስ ውስጥ መሥራት ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች መሆናቸውን ነው።

መልመጃ፦ የጠብታው ዲያሜትር ከ3 ወደ 6 ማይክሮሜትር ቢያድግ የመውረጃ ፍጥነቱ ስንት እጥፍ ይሆናል? ታዲያ ጠብታውን ከዚህም በላይ ማሳደግ ለምን አይጠቅምም?