ጨርቁ የተነሳበት ሰዓት

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የገዛሽው የአሻንጉሊት ቤት ፊቱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ቤት እንደሚመስልና ከክፍሎቹ ሁሉ የመመገቢያውን ማስቀደም እንደፈለግሽ ጽፈሽልኛል። «በዚህ ዕድሜዋ ልጅ ሆነች ይሉኛል» ብለሽ እንደተሳቀቅሽም አየሁ። አጎትሽ ዕድሜውን በመጋዝና በመላጊያ ያሳለፈ አናጢ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እጄ ከትልቁ ዕቃ ወደ ትንሹ ዞሯል። የተማርኩትን በቁጥር አስቀምጬልሻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. አትሳቀቂ። ይህ ሥራ ከጥንትም የአዋቂ ሥራ ነው። አምስተርዳም በራይክስሙዚየም የሚታየው የፔትሮኔላ ኦርትማን ቤት ከ1686 እስከ 1710 ባሉት ዓመታት ለአንዲት ባለትዳር ሴት የተሠራ ነው። ለእሱ የወጣው ገንዘብ በከተማዋ የውኃ ቦይ ዳር እውነተኛ ቤት ይገዛ ነበር። በ1924 ለንግሥት ሜሪ የተበረከተውን የዊንዘር ቤተ መንግሥት የአሻንጉሊት ቤት ደግሞ የነደፈው ከዘመኑ ታላላቅ አርክቴክቶች አንዱ የነበረው ኤድዊን ለችንስ ነው። እነዚህ ሰዎች ያላፈሩበትን አንቺ የምታፍሪበት ምክንያት የለም።

2. ልኩን በቃልሽ ያዢ። አብዛኛው የአሻንጉሊት ቤት ዕቃ የሚሠራው አንድ ለአሥራ ሁለት በሆነ ልክ ነው፤ አንድ ጫማ የነበረው አንድ ኢንች ይሆናል። በሴንቲሜትር ከሆነ እውነተኛውን መጠን ለ12 አካፍይው። ከፍታው 74 ሴንቲሜትር የሆነ ጠረጴዛ 6.2 ይሆናል፤ 45 ሴንቲሜትር ላይ ያለ የወንበር መቀመጫ 3.75፤ ስፋቱ 25 ሴንቲሜትር የሆነ ሳህን 2.1። አንድ ተመጋቢ ክርኑ ከጎረቤቱ ሳይጋጭ እንዲበላ 60 ሴንቲሜትር ያህል ያስፈልገዋልና፣ በጠረጴዛሽ ጎን ለእያንዳንዱ ወንበር 5 ሴንቲሜትር ተዪለት።

እኔ ለመጀመሪያው ክፍሌ አንድ ቡፌ ዓይኔን ማረከውና ሳልለካ ገዛሁት። ልኩ አንድ ለአሥር ያህል ነበር። ገብቶ ሲቆም ወንበሮቹ ሁሉ የሕፃን ወንበር መሰሉ። ያወጣሁበት ገንዘብ አሳዝኖኝ ሁለት ዓመት እዚያው ተውኩት፤ ሁለቱንም ዓመት ክፍሉን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ እሱ ላይ ይሰናከል ነበር። ማስመሪያ ሳትይዢ ሱቅ አትግቢ።

3. አንድ ዓመት ምረጪ። «የድሮ ቤት» የሚባል ዘመን የለም። በመሶብ ዙሪያ ሹካና ቢላዋ ተደርድሮ ብታዪ ሠሪው ቤታችንን እንደማያውቅ ወዲያው ይገባሻል፤ የእንግሊዝን ቤት የሚያውቅ ሰውም ያንቺን ክፍል እንደዚያው ያነበዋል። እኔ 1775ን እመክርሻለሁ። ብሪታኒያ ከቅኝ ግዛቶቿ በሚመጣ እንጨት ላይ የነበረውን ቀረጥ በ1721 ካነሳች በኋላ ማሆጋኒ እየበዛ ሄዶ፣ በዚያን ጊዜ የሀብታም መመገቢያ ክፍል መለያ ሆኗል። የቶማስ ቺፐንዴል የቤት ዕቃ ንድፍ መጽሐፍ ከ1754 ጀምሮ በአናጢዎች እጅ ነበረ። የጆሳያ ዌጅዉድ ክሬም መልክ ያለው ሸክላም የንግሥት ሻርሎትን ገበታ አግኝቶ የንግሥትነቷን ስም ወርሷል። ዓመቱን ከያዝሽ የማይገባውን ለመለየት አትቸገሪም። የጋዝ መብራት ገና አልመጣም። ጀርባው ክብ የሆነው የቪክቶሪያ ዘመን ወንበርም የልጅ ልጆቻቸው ነው።

4. ከዓመቱ ቀጥሎ አንድ ሰዓት ምረጪ። ከምነግርሽ ሁሉ ይህን አደራ አትርሺ። ብዙ ሰው ዕቃ ይሰበስባል፤ ዕቃው የትኛው ሰዓት ላይ እንደቆመ ግን አይጠይቅም። በዚያ ዘመን ምግቡ እንደ ዛሬው በየተራ በሳህን ተቆርሶ አይመጣም ነበር፤ ብዙው ድስትና ትሪ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኙን አመዛዝኖ ይደረደራል። ያ ተነስቶ ሌላ ዙር ይከተላል። በመጨረሻ አሽከሮቹ የጠረጴዛውን ጨርቅ ያነሱና የተወለወለው ማሆጋኒ ራቁቱን ሲያበራ ፍራፍሬው፣ ለውዙና ወይኑ ይቀርባል።

አንቺ ይህችን ሰዓት ያዢ፤ ጨርቁ የተነሳባትን። ለታሪኩም ለእጅሽም ትስማማለች። ዕቃን ለ12 ማካፈል ይቻላል፤ የጨርቅን ክብደት ግን ማካፈል አይቻልም። ትንሽ የጠረጴዛ ጨርቅ እንደ ትልቁ አይወርድም፤ እንደ ካርቶን ደርቆ ይቆማል። የግድ ጨርቅ ካስፈለገሽ በጣም ስስ ሻሽ ፈልጊ፤ ውኃ በበዛበት ኮላ ነክረሽ፣ እጥፋቱን በጣትሽ አስይዘሽ፣ በመርፌ ወግተሽ አድርቂው። የእኛ ነጠላ እንኳ ለዚህ ወፍራም ነው፤ ክሩ በዚያ ልክ ገመድ ይመስላል።

5. ግድግዳውን ከወንበሩ ጋር አብረሽ አስቢ። የዘመኑ አርክቴክት ሮበርት አደም የመመገቢያ ክፍል ግድግዳ በጨርቅ እንዳይሸፈን ይመክር ነበር፤ ጨርቅ የምግብ ሽታ ይይዛልና። በምትኩ የስቱኮ ጌጥ፣ ሐውልትና ሥዕል ይሻላል ይል ነበር። ስለዚህ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ቀለም ቀቢውና ነጭ ጌጥ አውጪለት። በወገብ ከፍታ ግድግዳውን የሚዞረውን ቀጭን እንጨት አትርሺ። ወንበሮች ምግብ በሌለበት ሰዓት ግድግዳ ተደግፈው ይቆሙ ስለነበር፣ ጀርባቸው ልስኑን እንዳይፍቀው የሚከላከለው እሱ ነው። ባንቺ ልክ 7 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይውላል፤ ወንበሩን አስጠግተሽ ሞክሪው። ዋናው ግድግዳ ሥር ረጅም የማቅረቢያ ጠረጴዛ አቁሚ፤ ከግራና ከቀኙ ክዳን ያለው ጌጠኛ ማሰሮ የተሸከሙ ሁለት ቁም ሣጥኖች፣ ከሥሩ ደግሞ የወይን ማቀዝቀዣ ይሁኑ።

6. እንጨቱን በመስመሩ ምረጪ። ማሆጋኒ ለመምሰል ማሆጋኒ መሆን አያስፈልገውም። የእውነተኛው እንጨት ቀዳዳና መስመር ከልኩ ጋር አብሮ አያንስም፤ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሲታይ እንደ ታረሰ መሬት ነው። ፒር ወይም ቼሪ ጥቅጥቅ ያለና መስመሩ ቀጭን ነውና እሱን ወደ ቀይ ቡናማ አቅልሚው። በ400፣ ከዚያ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሺ። ቫርኒሹን በጣም አቅጥነሽ ደጋግመሽ ቀቢ፤ እያንዳንዱ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጨምሪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ አንድ ወፍራም ቅብ የወንበሩን ቅርጽ ሞልቶ ፕላስቲክ ያስመስለዋል። የወንበሮቹን አንጸባራቂነት ቀንሺ፤ ጠረጴዛው ብቻ በለስላሳ ጨርቅ ታሽቶ ያብራ። የዚያች ሰዓት ንጉሥ እሱ ነው።

7. ገበታውን አታጨናንቂ። ሳህን ስትመርጪ ከስፋቱ ይልቅ ውፍረቱን ተመልከቺ፤ ከግማሽ ሚሊሜትር ካለፈ ድንጋይ ይመስላል። ሁለት የወይን ጠርሙስ፣ ጥቂት ብርጭቆ፣ አንድ የፍራፍሬ ሳህን፣ የተሰበረ ለውዝ ይበቃል። ሁሉንም በወረንጦ አስቀምጪ፤ ቦታውን ሳታረጋግጪ ኮላ አታስነኪ።

8. ብርሃኑን የሻማ ብርሃን አድርጊው። ሻማው ከ2 ሚሊሜትር አይወፍር። ከድሮ ጀምሮ ለዚህ ሥራ የሚውለው አምፖል በትንሽነቱ በስንዴ ፍሬ የሚጠራ ነው፤ የዛሬዎቹም የኤልኢዲ መብራቶች ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ያላቸው ይገኛሉ። ነጩን አትግዢ፤ ክፍሉን ፋርማሲ ያደርገዋል። ቤቱን ከፀሐይ አርቂው፤ ቀለምና ጨርቅ ያነጣል።

9. ሰውን ሳታስቀምጪ ሰው መኖሩን አሳዪ። እዚህ ቺካጎ እኔ ዘንድ የመጣሽ ጊዜ በአርት ኢንስቲትዩት ያየናቸውን የናርሲሳ ቶርን ክፍሎች አስታውሺ። 68 ናቸው፤ ባንቺው ልክ፣ አንድ ጫማ ወደ አንድ ኢንች ወርዶ ተሠርተዋል። አንዱም የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ መመገቢያ ክፍል ነው። እዚያ መስታወት ፊት ቆመሽ «ሰዎቹ የት ሄዱ?» ብለሽኝ ነበር። አሻንጉሊት አልተቀመጠባቸውማ! ብርሃን ከመስኮቱ ውጪ ይገባል፣ በበሩ በኩል ሌላ ክፍል ይታያል፤ አንቺም ሰው አሁን እንደወጣ አመንሽ።

ያንቺም ክፍል እንዲሁ ይሁን። በዚያ ዘመን ልማድ ከፍራፍሬው በኋላ ሴቶቹ ተነስተው ወደ እንግዳ መቀበያው ያልፉ ነበር፤ ወንዶቹ ወይን ይዘው ይቀራሉ። እንግዲያው ከወንበሮቹ ገሚሱን ከጠረጴዛው ሳብ ሳብ አድርጊያቸው፤ አንደኛው ላይ የተጣለ ናፕኪን ይኑር፤ በሩም ጥቂት ይከፈት።

ስትጨርሺ ከላይ ሆነሽ አትፍረጂ። ጎንበስ በይና ዓይንሽን ከወለሉ 10 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ አድርጊው፤ የተቀመጠ ሰው ዓይን በዚህ ልክ እዚያ ነው። ከዚያ ሆነሽ በጠረጴዛው ላይ የሻማውን ነጸብራቅ ፈልጊ። ካየሽው፣ ሴቶቹ ገና ከበሩ አልራቁም ማለት ነው። ያኔ ፎቶውን ላኪልኝ።

አጎትሽ