ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ፦ አዲስ ተጋቢዎች ዕዳቸውን እንዴት ይቁጠሩ?

ድንኳኑ ተነቅሏል፣ የኪራይ ሳህኑ ተመልሷል፣ መልሱም ቅልቅሉም አልፏል። በሦስተኛው ሳምንት የሙሽራው ስልክ ይጠራል፤ የእቁብ ሰብሳቢው ነው። ሙሽሪት «የምን እቁብ?» ትላለች። ነገሩ ቶሎ ብሎ ወደ «ወንድ ልጅ ቤቱን ማስተዳደር አለበት» እና ወደ «ያንቺ ደሞዝስ የት ይገባል?» ይዞራል። በስንት ብር እንደሚጣሉ ግን ሁለቱም አያውቁም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ፦ መጀመሪያ ቁጠሩ፣ ክርክሩ ኋላ ይደርሳል።

1. ቀን ቁረጡ

አበዳሪ በደወለበት ማታ አይሁን። እንግዳ የማይመጣበት እሁድ ከሰዓት ይሻላል፤ ቡና ተፈልቶ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ተይዞ። እናት፣ እህትና ሚዜ አይጠሩም። ደንቡ አንድ ነው፦ በዚህ ቀን ቁጥር ይነገራል እንጂ «ለምን ተበደርክ?» አይባልም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ የሚቆጡትም ሰው በሽታውን ይደብቃል።

2. ዕዳውን አንድ ሳይቀር ጻፉ

ደብተሩ ላይ አምስት ዓምድ አስምሩ፦ ለማን፣ ስንት ቀረ፣ በወር ስንት፣ መቼ ያልቃል፣ ዋሱ ማን ነው። የባንክ ብድር፣ የመሥሪያ ቤቱ ብድርና ቁጠባ ማኅበር ከደሞዝ የሚቆርጠው፣ በቴሌብር የተወሰደው፣ የጓደኛና የሱቅ ዱቤ ሁሉ ይግባ። ለሌላ ሰው ዋስ ሆናችሁ ከፈረማችሁም ጻፉት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው እቁቡን ነው። «እቁብ ቁጠባ እንጂ ዕዳ አይደለም» ይባላል። ዕጣው እስኪደርስ እውነት ነው፤ ከደረሰ በኋላ ግን የቀረው መዋጮ ዕዳ ነው። 20 ሰው በወር 5,000 ብር የሚጥልበት እቁብ ለባለ ዕጣው 100,000 ብር ይሰጣል። ሙሽራው በ4ኛው ዙር ወስዶ ለሰርጉ ካዋለው፣ 16 ዙር ይቀረዋል፤ 80,000 ብር ዕዳ ይዞ ጎጆ ገብቷል ማለት ነው።

3. የማን እንደሆነ ለዩ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የአንዱ ተጋቢ ዕዳ ከባለዕዳው የግል ንብረት፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ከጋራው ሊከፈል እንደሚችል ይደነግጋል። ያው ሕግ በትዳር ጊዜ የሚገኘውን የሁለቱንም ደሞዝ የጋራ ያደርገዋል። እንግዲህ የግል ንብረት የሌለው ሙሽራ «የራሴ» የሚለው ዕዳ ዞሮ የሁለቱን መሶብ ይነካል። «ራስህ ተወጣው» ማለትም «ምን አገባሽ» ማለትም የማያዋጣው ለዚህ ነው። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስላወጡ፣ በክልል ያላችሁ የአካባቢያችሁን አመሳክሩ።

የሰርጉን ዕዳ በተመለከተ የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ብድሩ በአንዱ ስም ቢወጣም ድግሱ የሁለታችሁ ነበርና አብራችሁ ክፈሉት። ከዚያ በፊት የነበረውን የተበደረው ይክፈል፤ ሌላው እስኪያልቅ አዲስ ወጪ ባለመጠየቅ ያግዘው።

4. የምትጠብቁትን ጻፉና ተለዋወጡ

«ኪራዩን እሱ ይችላል ብዬ ነበር»፣ «ደሞዟ ለአስቤዛ ይሆናል ብዬ ነበር»። ሁለቱም በልጅነት ካዩት ቤት የመጣ ሐሳብ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ስድብ መሆኑ ይቀራል። ሕጉ ተጋቢዎች ለቤታቸው እንደየአቅማቸው እንዲያዋጡ ይፈልጋል። ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብም መዋጮ ነውና ቁጠሩት። ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ አሁኑኑ አስሉ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ የሚሰጠው ከደሞዝ ጋር የሆነ ፈቃድ 120 ቀን ነው።

5. አካፍሉ

ለምሳሌ እሱ 18,000፣ እሷ 14,000 ብር እጃቸው ላይ ይገባል እንበል፤ በድምሩ 32,000። ኪራይ 10,000፣ አስቤዛ 7,000፣ ትራንስፖርት 2,500፣ እቁብ 5,000፣ ለሁለቱም ወላጆች 1,500፣ 1,500፤ ሲደመር 27,500። እንደ ገቢያቸው ሲያዋጡ ከየመቶ ብሩ ወጪ እሱ 56፣ እሷ 44 ይደርሳቸዋል። ከሚተርፈው 4,500 ላይ ለየኪሳቸው 1,000፣ 1,000 ይያዝ፤ በምን አጠፋኸው፣ በምን አጠፋሽው አይባልበትም። 2,500ው ለክፉ ቀን ይቀመጥ። ለወላጅ የሚላከው በድብቅ አይሁን፤ የሚቀነስ ከሆነም ለእናቱ እሱ፣ ለእናቷ እሷ ትንገር።

6. ለአዲስ ብድር ጣሪያ አብጁ

ሕጉ ከ500 ብር በላይ ለመበደርና ለማበደር፣ ለሰው ዋስ ለመሆንም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር ዛሬ አንድ ዘንቢል አስቤዛ አይሞላም፤ ቢሆንም ሐሳቡ አላረጀም። በመካከላችሁ ለትንንሹ ነገር የራሳችሁን ጣሪያ ቁረጡ። «ዋስ ሁነኝ» ሲባል መልሱ አንድ ይሁን፦ «ከቤት ተማክሬ»።

7. ካልተግባባችሁ

ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሽማግሌ ወይም የንስሐ አባት ጥሩ፤ ደብተሩንም ይዛችሁ ቅረቡ። በትዳር ውስጥ የተጻፈ የባልና ሚስት ውል ፍርድ ቤት ካላጸደቀው በሕግ ፊት አይጸናም። ስለዚህ ደብተሩ ማስታወሻችሁ ነው፤ መካሰሻ አታድርጉት።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ ግዴታ አይደለም። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ አንዱን ብቻ ጠያየቁ፦ «እቁቡ ስንት ዙር ይቀረዋል?»